የሙከራው ኪኒንና የአባቴ ዋግምት

መንዛዛት ስለማልወድ ከስልኩ ልጀምር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ለንደን ውስጥ፣ ስቶክዌል አንድ ሕንፃ ሥር ፓኬጅ ታቅፌ በር እስኪከፈትልኝ እጠብቃለሁ። የደወሉልኝ ጋሼ ኑሩ ናቸው። ጋሼ ኑሩ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ዊልስደን ነው የሚኖሩት፤ የሰዉን ሁሉ ጤንነት አንድ በአንድ ሳይጠይቁ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። ያን ቀን ግን ሰላም እንኳ አላሉኝም።

«ሀያት፣ አባትሽ እኔ ዘንድ ነው። ደሙ እምቢ አለኝ» አሉ።

«የምን ደም?»

«ዋግምት አግሜው ነበር፣ ጀርባው ላይ። ሌላ ጊዜ ጥጥ ጣል አድርጌበት ሻይ እስክንጠጣ ይደርቃል። አሁን ፎጣ በፎጣ ሆነ።»

ዋግምት የማታውቁ ካላችሁ፣ የሚያመውን ቦታ በምላጭ ጫር ጫር አድርጎ በኩባያ ደም መምጠጥ ነው። እዚህ ለንደን ሒጃማ እያሉ በፕላስቲክ ኩባያ የሚሠሩት አሉ። ጋሼ ኑሩ የሚሠሩት ግን ሳሎናቸው ውስጥ፣ ለሚያውቁት ሰው ብቻ ነው።

አምቡላንስ ይጥሩ አልኳቸው። ቀስ ብለው፣ ፈቃድ እንደሌላቸው፣ ፖሊስ ሊመጣ እንደሚችል ነገሩኝ።

«ጋሼ ኑሩ፣ አባቴ ከሞተ ፖሊሱ አይቀርም» አልኳቸው። ፓኬጁን በሩ ሥር ጥዬ ወደ ቫኑ ሮጥኩ።

እንዲህ የሮጥኩት ምላጭ ስለሚያስፈራኝ አይደለም። አባቴ ምን እንደሚውጥ ስለማውቅ ነው። በትክክል ለመናገር፣ ምን እንደሚውጥ ማንም ስለማያውቅ ነው። ይሄን ላስረዳችሁ።

አባቴና እኔ ሁለታችን ብቻ ነን፤ ስትሪትሃም እንኖራለን። እናቴ አዲስ አበባ እያለን ነው ያረፈችው። ለንደን ስንገባ ልጅ ነበርኩ፤ ሁለተኛ ደረጃን እዚሁ ጨረስኩ፣ ኮሌጅ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ተውኩ፣ ሥራ ደግሞ እንደ ካልሲ ነው የምቀያይረው። ፓኬጅ ማድረስ ላይ የቆየሁት ቫን ስለሚንቀሳቀስ ነው፤ ወንበር ላይ ቁጭ በይ ካላችሁኝ አብዳለሁ። አባቴ ደግሞ የኔ ተቃራኒ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ሠርቶ ጡረታ ወጣ። እንግሊዝኛ ይችላል፤ ግን ቃላቱን ከኪሱ እንደሚያወጣ ሰው አንድ በአንድ ነው የሚያወጣቸው። እኔ ያንን መጠበቅ አልችልም። ስለዚህ ከልጅነቴ ጀምሮ ማዘጋጃ ቤቱም፣ ባንኩም፣ ሐኪሙም ሲጠይቁት የምመልሰው እኔ ነኝ። «አባትሽን ያመዋል?» ሲሉኝ «አዎ፣ ጉልበቱን» እላለሁ፤ አባቴ ገና አፉን እየከፈተ ነው። ቤተሰባችን እንዲህ ነበር የሚሠራው፤ ማናችንም ጥያቄ አላነሳንም።

ባለፈው ዓመት ልቡን አመመው። የልቡ ደም ሥር ተዘግቶ ተገኘና በውስጡ ስቴንት የሚሉትን ትንሽ የሽቦ ቱቦ አስገቡለት። ከዚያ በኋላ ደም ቱቦው ላይ እንዳይረጋ በየቀኑ ከአስፒሪን ጋር ደም ማቅጠኛ ኪኒን መውሰድ አለበት። ያ ካልሆነ የረጋው ደም ቱቦውን ይዘጋዋል፤ ከተዘጋ አለቀ።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ጠረጴዛው ላይ የማላውቃቸው ነጭ ብልቃጦች ተደርድረዋል። አባቴ ምርምር ውስጥ መግባቱን ነገረኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እስካሁን ያለው ኪኒን የደም መርጋትን ይከላከላል፤ ግን ያደማል፣ አንዳንዱን ሰው ክፉኛ ያደማል። አሁን ደግሞ መርጋቱን የሚከላከል፣ ግን ያን ያህል የማያደማ አዲስ መድኃኒት እየሠሩ ነው። ለግማሹ ሰው የድሮውን፣ ለግማሹ አዲሱን ይሰጣሉ። ኪኒኖቹ መልካቸው አንድ ነው። ለማን የትኛው እንደደረሰው ኮምፒውተር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ በሽተኛውም፣ ሐኪሙም፣ ነርሷም አያውቁም። ካወቁ ለአንዱ ያደላሉ ተብሎ ነው።

እኔ ተቆጣሁ። «አይጥ አለቀባቸው እንዴ?» አልኩት።

«አይጥማ ቀድሞ ሞክሮታል» አለኝ። «አሁን ተራው የሰው ነው።»

«እኔ ሳልኖር ለምን ፈረምክ?»

«አንቺ ብትኖሪ የምትመልሺው አንቺ ነበርሽ። ኪኒኑን የምውጠው ደግሞ እኔ ነኝ» ብሎ ብልቃጦቹን ወደ ቁም ሳጥኑ ወሰዳቸው። ለቀናት አኮረፍኩት። አባቴ ማኩረፌን ያወቀ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ትእዛዝ አክባሪነቱ ሌላ ነው። ግሬስ የምትባል የምርምሩ ነርስ አለች፤ ሳትነግሩን ሌላ መድኃኒት እንዳትወስዱ፣ ለራስ ምታትም ቢሆን፣ ብላ በሽተኞቹን አስጠንቅቃለች። አባቴ ጥቁር አዝሙድ በማር መላሱን ሳይቀር ደውሎ ጠየቃት። ለጊዜው ይቅርብህ ስትለው ማሰሮውን ለጎረቤት ሰጠ። ትከሻው ላይ ሕመም ሲጀምረው ማስታገሻ እንኳ አልነካም። እንዲህ ዓይነት ሰው ዊልስደን ሄዶ ጀርባውን በምላጭ ያስበጣል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

ጋሼ ኑሩ ቤት ስደርስ አባቴ ወንበር ገልብጦ ተቀምጧል፤ ደረቱን መደገፊያው ላይ ጥሎታል። ጋሼ ኑሩ ከኋላው ሆነው ፎጣ ይጫናሉ፤ ጋቢያቸው ጭምር በደም ርሷል። በመጨረሻ ለአምቡላንስ ደውለው ነበር፤ ጠብቁ ተብለዋል። የአባቴ ፊት አመድ መስሏል።

«ሥራሽን ጥለሽ መጣሽ?» አለኝ።

«አባዬ፣ ሌላ ነገር አትውሰድ ተብለህ የለም?»

«ምን ወሰድኩ?» አለ፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። «የተከለከልኩት የሚገባ ነገር ነው። ይሄ የሚወጣ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ስለሚወጣ ነገር የጠየቀው ሰው የለም። ጋሼ ኑሩም ምን ትወስዳለህ ብለው አልጠየቁት፤ እሱም አልነገራቸው፤ እሱ እንደገባው ዋግምት ሕክምና እንጂ መድኃኒት አይደለም።

አምቡላንሱን አልጠበቅኩም። ቫኑ ከፊት ሦስት ሰው ይይዛል። አባቴን ዳር አስቀምጠን ወደ ፊት አጎንብሶ ዳሽቦርዱን እንዲይዝ አደረግነው፤ ጋሼ ኑሩ መሀል ሆነው ጀርባውን ይጫኑታል። ከኋላ ያልደረሱ ፓኬጆች በየመዞሪያው ይንኳኳሉ። ጋሼ ኑሩ ዱዓ ያደርጋሉ፤ እኔ ፊቴ ያለውን አውቶቡስ እሰድባለሁ። ሆስፒታሉ በር ላይ አባቴ ብቻውን መውረድ አልቻለም። ጋሼ ኑሩና እኔ ደግፈን ኢመርጀንሲ አስገባነው። እዚያ ያየችን ነርስ ወረፋ ጠብቁ አላለችም።

አልጋ ላይ በሆዱ አስተኙት፤ ክንዱ ላይ መርፌ አስገቡ፣ ደም ለምርመራ ወሰዱ፣ ግፊቱን ለኩ። ግፊቱ ዝቅ ብሏል። ወጣት ዶክተር መጣና ምን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ጠየቀ። አስፒሪንና ደም ማቅጠኛ አልኩት። የትኛውን ደም ማቅጠኛ ሲለኝ፣ አይታወቅም አልኩት። እንዴት አይታወቅም ሲል አባቴ እንደተኛ እጁን ወደ ሱሪው ኪስ ሰዶ ምርምሩ የሰጠውን የስልክ ቁጥር ያለበትን ካርድ አወጣና ዘረጋለት። ዶክተሩ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሲያወራ አየዋለሁ። ሲመለስ ስልኩ ገና ጆሮው ላይ ነበር።

ያስረዳን እንዲህ ነው። ድንገተኛ አደጋ ሲመጣ ምስጢሩ ሊከፈት ይችላል፤ አባቴ የሚውጠው የትኛውን ኪኒን እንደሆነ ኮምፒውተሩ ይነግራቸዋል። የድሮው ከሆነ ደሙ ለቀናት በደንብ ላይረጋ ይችላልና ቶሎ ፕላትሌት ይሰጡታል፤ ፕላትሌት ማለት ደምን የሚያረጋው የደም ክፍል ነው። አዲሱ ከሆነ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ከሰውነቱ ይወጣል ተብሎ ይገመታል፤ የሌላ ሰው ፕላትሌት መስጠቱ ላያስፈልግ፣ እንዲያውም ስቴንቱን ሊያስዘጋ ይችላል። ግን ከተከፈተ አባቴ ከምርምሩ ሊወጣ ይችላል፤ ይከፈት ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ክፈቱት» አልኩ።

ዶክተሩ አላየኝም። አጎንብሶ ፊቱን ከአባቴ ፊት ጋር አስተካከለና «እርስዎን ነው የጠየቅኩት» አለው።

አባቴ ቃላቱን መፈለግ ጀመረ። እኔ ጥርሴን ነከስኩ። አንድ ቃል፣ ዝምታ፣ ሌላ ቃል። አልጋው ላይ ያለው አንሶላ እየቀላ ነው፤ ሰውዬው ዓረፍተ ነገር እየገነባ ነው። በመጨረሻ ያለው ይህ ነበር፦ የድሮውም ቢሆን አዲሱም ቢሆን የምታደርጉት አንድ ዓይነት ነገር ካለ መጀመሪያ እሱን አድርጉ፤ እምቢ ካለ ክፈቱት።

«አባዬ፣ አብደሃል?» አልኩት በአማርኛ።

«አላበድኩም። ተኝቻለሁ» አለኝ።

ዶክተሩ ትንሽ አሰበና ይቻላል አለ። ደም ለማርጋት በሚረዳ መድኃኒት የራሰ ጨርቅ ቁስሎቹ ላይ ይደረጋል፣ በደንብ ይጫናል፤ ግፊቱን ማሽን እየደጋገመ ይለካል። ከዚህ በታች ከወረደ ግን ማንንም ሳልጠይቅ እከፍተዋለሁ ብሎ ቁጥሩን ነገረን። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

የሚጫን እጅ አነሰ። ክፍሉ በበሽተኛ ተጨናንቋል። ነርሷ ጓንት ሰጠችኝና መዳፌን ዘርግቼ፣ ክንዴን ቀጥ አድርጌ፣ በሙሉ ክብደቴ እንድጫን አሳየችኝ። እስክነግርሽ አታንሺው አለችኝ። ጋሼ ኑሩን ኮሪደር አስቀመጠቻቸው፤ ከቤት ጀምሮ ሲጫኑ ደክመው ነበር።

ተጫንኩ። ወዲያው ማየት አማረኝ። ቆሞ ይሆን? እየባሰ ይሆን? የጨርቁን ጠርዝ በአውራ ጣቴ ትንሽ ገለጥ አደረግኩ። ከሥሩ ቀይ መስመር ወረደ።

ነርሷ ከሌላኛው አልጋ አየችኝ። መጥታ ድምፅዋን ሳታነሳ «ደሙ ከውስጥ ለመርጋት እየሠራ ነው፤ አንቺ ባየሽው ቁጥር የሠራውን ትገነጥይዋለሽ» አለችኝና ጨርቁን ቀይራ ከመጀመሪያው አስጀመረችኝ።

በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም። ሳጥን ተሸክሜ አምስተኛ ፎቅ መውጣት አይከብደኝም። ሳላይ መጫን ግን ከበደኝ። ጀርባዬ ላብ በላብ ሆነ። ከእጄ ሥር የአባቴ ትንፋሽ ይወጣል ይገባል። ማሽኑ ክንዱን ጠበቅ ያደርግና ቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩ ወረድ ይላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ትንሽ ወረድ ይላል። ዶክተሩ ከተናገረው ጋር ሊገናኝ ጥቂት ነው የቀረው።

«ከዚህ ምርምር ጋር ምን አጣበቀህ?» አልኩት። ለመነጋገር ሳይሆን ላለማየት ነው የጠየቅኩት።

አባቴ ፊቱን ትራሱ ውስጥ እንዳደረገ ቀስ ብሎ ጀመረ። ላቋርጠው ወይም ልጨምርለት የምችለው ነገር አልነበረም፤ እጄም ዓይኔም እዚያው ተይዘዋል።

«ሆቴል አብሮኝ የሚሠራ ሥጋ ቆራጭ ነበር» አለ። «ልቡን አመመው፣ እንደኔ ስቴንት ገባለት። ኪኒኑን ሲወስድ፣ ጣቱን በቢላ ጫር ሲያደርገው ደሙ አይቆምም። ኩሽና ውስጥ ደግሞ ጣት ሳይቆረጥ የሚዋልበት ቀን የለም። ሼፉ ምግቡ ላይ ደም አየና ሁለተኛ እንዲህ ካደረግክ አትምጣ አለው።»

«እና?»

«ኪኒኑን ተወው። ለማንም አልተናገረም፤ ለኔ ብቻ ነገረኝ። እኔም ያኔ መድኃኒት ነው፣ ቢቀር ምን ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ጠዋት ልብሱን ሊቀይር ገባ፤ አልወጣም። ስቴንቱ ተዘግቶ ነው አሉ። ግሬስ ብዙ የማያደማ እየፈለግን ነው ስትለኝ እሱ ትዝ አለኝ። ብዙ የማያደማ ቢኖር ኖሮ አይተወውም ነበር።»

ይሄን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም። ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት።

«ስጀምር ትጨርሽልኛለሽ» አለ። «አጨራረስሽ ጥሩ ነው። ግን የኔ አይደለም።»

ጨርቁን ተጫንኩ።

ዶክተሩ ሲመለስ የምርምሩን ካርድና ስልኩን በእጁ ይዞ ነበር። ነርሷ እጅሽን አንሺ አለችኝ። ጣቶቼ ደርቀው ወዲያው አልዘረጋ አሉኝ። ጨርቁን ቀስ ብላ ስታነሳው አባቴ ሳይሆን እኔ ነኝ ዓይኔን የጨፈንኩት። ከምላጩ ጭረቶች አብዛኞቹ ደርቀዋል። ከትከሻው አጥንት ሥር ያለች አንዷ ግን ጠለቅ ያለች ናት፤ ከእሷ ቀይ ነጥብ ወጣች፣ ሞላች፣ ወረደች።

ዶክተሩ ስልኩን አየ። ማሽኑን አየ። ከዚያ ስልኩን አስቀምጦ መርፌና ክር እንዲመጣለት ጠየቀ። ሰፋት። እንደገና ጨርቅ፤ እንደገና የኔ መዳፍ። በዚህኛው ጊዜ የጨርቁን ጠርዝ አልነካሁም። እንደገና ሲነሳ ጨርቁ ነጭ ነበር። ግፊቱም ቀስ በቀስ ተመለሰ።

ምስጢሩ አልተከፈተም። ያን ቀን በአባቴ ሰውነት ውስጥ የነበረው የድሮው ይሁን አዲሱ እስካሁን አላውቅም። ዶክተሩ የልብ ሐኪሞችን አነጋግሮ አስፒሪኑ እንዲቀጥል፣ የምርምሩን ኪኒን መቼ እንደሚጀምር ግን እነሱ እንዲወስኑ አደረገ። ለረጅም ጊዜ ማቋረጥም አደጋ ነው፤ ስቴንቱ አለ። እስከ ማግስቱ ተኝቶ እንዲታይ አደረጉት።

ኮሪደር ስወጣ ጋሼ ኑሩ የደረቀ ደም ያለበት ጋቢያቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«ፖሊስ አልመጣም?» አሉኝ።

«አልመጣም። እርስዎን የጠየቀ የለም። አባዬ ወንድሜ ነው የሠራልኝ ብሏቸዋል።»

ጋሼ ኑሩ ከዚያ ወዲህ ምላጭ የሚያነሱት የሰውዬውን መድኃኒት አንድ በአንድ አስቆጥረው ነው፤ ደም ማቅጠኛ ካለ ሻይ አጠጥተው ይሸኙታል። ይሄን የማወራላችሁ እሳቸውን ለማማት አይደለም። ስንቶቻችሁ አባትና እናታችሁ ጀርባቸውን እንደሚታገሙ፣ ምን እንደሚልሱ፣ ምን እንደሚታጠኑ ለሐኪም ነግራችኋል? ሐኪሙ የሚያውቀው እሱ የጻፈውን ብቻ ነው። እናንተ ደግሞ የምትመልሱት የተጠየቃችሁትን ብቻ ነው። በሁለቱ መሀል ሰው ይደማል። የሚገባውንም የሚወጣውንም ተናገሩ፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ሙከራን በተመለከተ ሐሳቤ ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል አልላችሁም። አሁንም ብልቃጦቹን ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። ግን እንደድሮው አባቴ የሰው መጫወቻ ሆነ አልልም። አልጋ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ደሙ እየፈሰሰ፣ ምን እንደሚደረግለት ዓረፍተ ነገሩን ራሱ የሠራ ሰው አይቻለሁ። እኔ ብሆን እንደዚያ አልችልም ነበር፤ እጮህ ነበር።

ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ ገደማ ስልኩ ጮኸ። አባቴ ክፍሉ ውስጥ ይሰግዳል፤ ስልኩ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አነሳሁት። ግሬስ ናት። ሐኪሞቹ ጉዳዩን ተመልክተው መቀጠል እንደሚችል ወስነዋል፤ የሚቀረው የሱ ፈቃድ ብቻ ነው። ዛሬ ካወቅን ኪኒኑን ነገ ይጀምራል አለችኝ። እኔን ታውቀኛለች፤ በየቀጠሮው ለሱ የምመልሰውን ሰምታለች።

«አንቺ ሳታውቂ አትቀሪም» አለችኝ። «መቀጠል ይፈልጋል?»

አይፈልግም የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። አንድ ቃል ነው። ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ አባቴም ሐኪሞቹ ከለከሉኝ ብሎ ይቀበለው ነበር። መልሼ ያንን ጀርባ የማልጫንበት ቀን ሁሉ በዚያ ቃል ውስጥ ነበር።

«ሶላት ላይ ነው» አልኳት። «ጠብቂው፣ ራሱን ጠይቂው።»

ጠበቀች። እኔም ቆሜ ጠበቅኩ። አባቴ ጨርሶ ወጣ፣ ስልኩን ተቀበለኝ፣ ወንበር ሳበ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። እንግሊዝኛውን አንድ በአንድ ያወጣው ጀመር። አዎ ከማለቱ በፊት የጠየቃት ነገር ነበረው፤ እኔ በጭራሽ የማላስበው ነገር። ደሙ የፈሰሰው ከዋግምቱ እንደሆነ ተጽፏል ወይ፣ ኪኒኑ ብቻውን አደማው ተብሎ እንዳይያዝበት ነበር የጠየቃት። ግሬስ መጻፉን አረጋገጠችለት። ከዚያ በኋላ አዎ አላት።